የዶርቼ ስለት

«በዚህ ቤት ውስጥ ቂም የያዘ ሰው አለ?»

ጥያቄው የመጣው የዶርቼ ቢላዋ ቱና ዓሣውን ከጭንቅላቱ በታች ሰንጥቆ አከርካሪው ላይ ሲደርስ ነው። ቀና አላለችም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ባፓ ኤሊ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ደብተር ይዘው ከጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ነገ የጌታ እራት ነው። የጌታ እራት በዋለ ቁጥር ሽማግሌዎች በዋዜማው ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ሰውም «የለም» ይላል፤ እነሱም ደብተራቸው ላይ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

«የለም፣ ባፓ» አለች ዶርቼ።

ባሏ ቲኑስ ለዓሣው ጭስ የሚማገደውን የኮኮናት ቅርፊት ከዝናቡ ወደ ጣራው ስር እያሸሸ ነበር። ሳለ። ጉንፋን አልያዘውም።

«በጎረቤትስ? በዘመድስ?»

«ባፓ፣ ዓሣው ሊበላሽብኝ ነው።»

«እሱማ ይታየኛል።» ሽማግሌው ጻፉ። እንደመሄድ ብለው ደግሞ ዞር አሉ። «የእህትሽ እጅ እንዴት ሆነ? እሷ ጋ ገና አልደረስኩም።»

«ደህና ነው ይላሉ።»

«ይላሉ?» አሉ ባፓ ኤሊ፤ መልስም አልጠበቁ።

ጃንጥላው ከአጥሩ በላይ እየተንሳፈፈ ሲርቅ ቲኑስ ቅርፊቱን አስቀመጠ። «ሌንቺ ቤት ሠላሳ እርምጃ ነው። ‹ይላሉ› የሚባለው እኮ ባሕር ማዶ ሱራባያ ላለ ሰው ነው።»

«አንተ ቅርፊቱን አንሳ።»

«እያነሳሁ ነው። አንቺ ግን ሽማግሌ ፊት ዋሸሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔማ ሳልኩ።»

ዶርቼ ዓሣውን ለሁለት ገነጠለችው። ግማሹን በቀርከሃ መቆንጠጫ አጣብቃ በገመድ ስትጠብቀው ገመዱ ተበጠሰ። ሌላ ገመድ አነሳች። እሱም ተበጠሰ። ከረቡዕ ጀምሮ በእጇ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ይበጠሳል።

መንደራቸው ከባሕሩ ሰርጥ ዳር፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከአምቦን ደሴት የሚወጣ ሰው ለዘመድ የተጨሰ ቱና ሳይዝ አይሄድም። እናታቸው ማማ ኮባ እዚያው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሰፊ ዛፍ ጥላ ስር፣ አርባ ዓመት ዓሣ ሸጣለች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት እግሯ ሲከዳት መደቡን የያዘችው ዶርቼ ናት፤ ገላዋን ያጠበችው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ያዘዋወረቻትም ዶርቼ ናት። ታናሽ እህቷ ሌንቺ ያኔ ባሏን ተከትላ ፓፑዋ፣ ሶሮንግ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ለቀብሩ መጣች፤ ባሏ መርከብ ላይ ሥራ ሲይዝ እሷ አልተመለሰችም። ስድስት ወር ቆይታ ከዶርቼ መደብ አለፍ ብሎ፣ ከከተማ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ በሚደርስበት በኩል፣ የራሷን መደብ አቆመች።

ይህን ዶርቼ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ባነሩን ነው። ሌንቺ የእናታቸውን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ከመደቧ በላይ ሰቀለችው። ማማ ኮባ ከተደረደረው ቱና በላይ ትስቃለች፤ ከአገጯ ስር በቀይ ፊደል «የማማ ኮባ ዓሣ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ መኪና የሌንቺን መደብ ሳያይ ያልፍና ዶርቼ ፊት ይቆማል። መስኮቱ ይወርዳል። «ማማ፣ የማማ ኮባ ዓሣ የቱ ጋ ነው?» ይላል ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው። ዶርቼም በጣቷ ወደ ኋላ ታሳያለች። ሦስት ዓመት እናቷን ያጠበችበት ጣት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እንዲህ ስታሳይ ከዋለች በኋላ ቤቷ ገብታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ ከጸሎት ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ጠረጴዛው የእናቷ ነበር፤ ነጭ ጨርቅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ነጭ ሳህን። በመንደሩ የሌለበት ቤት የለም። ልጅ ሲታመም፣ ሰው ባሕር ሲወጣ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሳህኑ ላይ ሳንቲም ይቀመጣል፤ ከሳንቲሙ ጋር የልብ ቃል ይቀመጣል፤ እሑድ ሳንቲሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። አንዴ የተቀመጠ አይነሳም።

ዶርቼ ሳንቲሟን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችና፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታያለህ። ያን መደብ ዝጋልኝ» አለች።

ባለፈው ረቡዕ ዝናቡ የሌንቺን ቅርፊት አረጠበው። እሳቱ አልያዝ ሲላት ነጭ ጋዝ ደፋችበት። ነበልባሉ ተነስቶ ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ ላሰው። መጀመሪያ ባልዲ ይዛ የደረሰችው ዶርቼ ናት፤ ሰው ሁሉ አይቷል፤ ታንታ ፔቼ፣ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ጎረቤት፣ «እህት ማለት ይህች ናት!» ብላ ጮኻለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌንቺ መደብ ዝግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶርቼ አልተኛችም።

አሁን ቢላዋዋን አጥባ፣ እጇን በሎሚ አሽታ፣ ወደ ሳሎን ገባች። ጠረጴዛው ፊት ቆመች። የመቶ ሺህ ሩፒያ ወረቀት ይዛለች። ነገሩን አስባበታለች፤ ክፉ ስለት በትንሽ ሳንቲም ከተሰማ፣ ደግ ስለት በትልቅ ገንዘብ ሊሽረው ይገባል። ወረቀቱን አጥፋ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

«ጌታ ሆይ» ብላ ጀመረች። «የሌንቺን እጅ ፈውስልኝ። መደቧን ክፈትላት። ክፈትላት፣ ግን ያን ባነር… ፎቶውን የመረጠችው እኮ እኔን ሳታማክር ነው። ያ ቀሚስ የኔ ስጦታ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ አንተ ታውቃለህ፣ ለሰባኛ ዓመቷ…»

እንደገና ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ የሌንቺን እጅ» አለች፤ ዓይኗ ግን እንደተጨፈነ ባነሩን ያያል። ሦስተኛም ሞከረች። ሦስተኛው ጸሎት ከሁለቱ ይልቅ ክስ ሆነ። ገንዘቡ ሳህኑ ላይ ቀረ፤ ሊነሳ አይችልማ።

«ዶርቼ! እሳቱ ጭስ ብቻ ሆነ!» አለ ቲኑስ ከጓሮ።

«አራግበው!»

«እያራገብኩ ነው!»

ጃንጥላ አጥታ የፕላስቲክ ከረጢት ራሷ ላይ አጥልቃ ወጣች።

ፓስተር ሪያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የነገዎቹን ረጃጅም የጠረጴዛ ልብሶች እየተኮሰች ነበር። ወጣት ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ባዶ እግሯን ቆማለች። ሌሎች ሴቶች ያግዟት ነበር፤ ዝናቡ አስቀርቷቸዋል።

«ማማ ዶርቼ! እንኳን መጡ። ያንን ጫፍ ይያዙልኝ።»

ዶርቼ ጫፉን ያዘች። «ፓስተር፣ አንድ ጓደኛ አለችኝ።»

«እሺ።»

«ስለት አስቀምጣ ነበር። አሁን ልታነሳው ፈለገች። ይቻላል?»

«ሳንቲሙን ነው ወይስ ቃሉን?»

ዶርቼ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አስባው አታውቅም። «ሁለቱንም።»

«ምን ብላ ነው ያስቀመጠችው?»

«አንድ ሰው ላይ… አንድ ነገር እንዲዘጋበት።»

ካውያው ጨርቁ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። «ተዘጋ?»

«በእሳት ተዘጋ።»

ፓስተሯ ካውያውን አቆመችው። ረቡዕ ዕለት ሌንቺን በሞተር ብስክሌት አፈናጥጣ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደቻት ራሷ ናት። ለጥቂት ጊዜ ዶርቼን አየቻት፤ ዶርቼ ደግሞ የያዘችውን ጫፍ አየች።

«ማማ ዶርቼ፣ እርጥብ ቅርፊት ላይ ጋዝ የደፋ ሰው ይቃጠላል። ስለት ኖረም አልኖረም ይቃጠላል። እግዚአብሔር በሳንቲም የሚላክ ጉልበተኛ አይደለም።»

የዶርቼ ትከሻ ወረደ። ከረቡዕ ወዲህ መጀመሪያ የወረደው አሁን ነው። «ታዲያ ጓደኛዬ ምንም አላደረገችም ማለት ነው።»

«እሳቱን አላነሳችም።»

«እንደዚያ ከሆነ…»

«ግን እንዲነሳ ፈልጋ ነበር። አይደለም?»

«ጓደኛዬ…»

«አዎ፣ ጓደኛዎ።»

ዶርቼ ጨርቁን ጨበጠችው፤ የተተኮሰው ተጨማደደ። «ምን ታድርግ ታዲያ? ገንዘብ አስቀምጣለች። ትጹም? ለመዘምራኑ ምሳ ታብላ? የምትሉትን ታድርግና ይለቃት!»

«እውነቱን ለጌታ ትንገረው። ሳታሳምረው።»

«እሱ እኮ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እሷ ስትለው ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ደግሞ ሄዳ ለሴትዮዋ…»

መብራት ጠፋ።

«አይ!» አለች ፓስተሯ፤ ይህ ለዶርቼ አልነበረም። ከስምንቱ ልብስ አምስቱ ገና ነበሩ። ካውያውን በጣቷ ነካ አድርጋ ሙቀቱ ሳያመልጥ በሁለት እጇ እየተጫነች መግፋት ጀመረች። «ማማ፣ ይጎትቱልኝ። ቀጥ አድርገው። ቶሎ፣ ቶሎ!»

ዶርቼ ጎተተች። ካውያው እስኪቀዘቅዝ አልለቀቀችም።

ተናዳ ወጣች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንኳ ቢያንስ ኪኒን ትሰጣለች። «እውነቱን ትንገረው» ምን ማለት ነው? እውነቱ ባነሩ ነው፤ እውነቱ ሦስት ዓመት ነው። ቤቷ ደርሳ ትናንት የሠራችውን የዓሣ ሾርባ ድስት ከምድጃ ላይ አነሳች። ነገሩ ከሌንቺ ጋ የሚያልቅ ከሆነ ዛሬ ይለቅ፤ ባዶ እጅ ግን አይኬድም።

መንገዱ ዳር ታንታ ፔቼ ከሙዞቿ ኋላ ሆና ድስቱን አየችው። «ሾርባው ለማን ነው፣ ዶርቼ?»

«ለእህቴ ነዋ።»

«ሕም» አለች ታንታ ፔቼ። «ለካ ነገ የጌታ እራት ነው!»

ሌንቺ ከወጥ ቤቷ በር ላይ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ዓሣ መቆንጠጫው ውስጥ ልታስገባ ትታገላለች። ቀኝ እጇ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ዓሣው አምልጦ መሬት ወደቀ። በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሰኞ ልትከፍቺ ነው?» አለች ዶርቼ።

«ኡሲ!» አለች ሌንቺ፣ ታላቅ እህት በሚጠራበት ቃል፤ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ዓይኗ ራሷ ላይ ባለው ከረጢት ላይ ቆየ። «ሽማግሌው ነው የላኩሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ሾርባ ነው።»

«ጨው አለው?»

«ለምን አይኖረውም?»

«ያንቺ ጨው ያንሰዋል። ማማም ትለው ነበር።»

ማማ ትለው የነበረውን ሦስት ዓመት ሙሉ የሰማው ማን ነው? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዶርቼ በጥርሷ ያዘችው። ድስቱን ደረጃው ላይ አኖረች።

«ጥሩ ሳምንት ነበረሽ» አለች ሌንቺ። «ትናንት ስድስት መኪና ቆመልሽ።»

«ቆጠርሽ?»

«ምን ልሥራ ታዲያ? እጄ እንጂ ዓይኔ አልተቃጠለም።»

ዶርቼ መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። «እህቴ ሆይ፣ ሁላችንም ሰዎች ነን» ብሎ የሚጀምር ነው። አሁን የመጀመሪያው ቃል እንኳ አልመጣላትም። የመጣው መጨረሻው ነው።

«ሌንቺ፣ ስለት አስቀምጬብሽ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«መደብሽ እንዲዘጋ። ከሦስት ሳምንት በፊት።»

ሌንቺ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። «የት? የቱ ሳህን ላይ?»

«ቤት።»

«በማማ ጠረጴዛ ላይ?»

ዓሣው ከሌንቺ እጅ ዳግም ወደቀ፤ አሁን ማንም አላነሳውም።

«ሶሮንግ እያለሁ ማማ በየቅዳሜው ሳንቲም የምታስቀምጥልኝ ሳህን ላይ» አለች ሌንቺ ቀስ ብላ። «በስልክ ትነግረኝ ነበር። ‹ዛሬም አስቀመጥኩልሽ› ትለኝ ነበር። እዚያው ሳህን ላይ!»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ለኔ ነው የመጣሽው? ነገ እንጀራውን ሲሰጡሽ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ነው የመጣሽው። ደብተሩ ላይ ምልክት እንዲያደርጉልሽ!»

«ምልክቱንማ አድርገዋል። ዋሽቼ።»

«ጎበዝ!» ሌንቺ ተነሳች። ድምፅዋ ወጣ። «ደግሞ አሁን ነው የዘጋሽብኝ? ድሮ ነው የዘጋሽብኝ! ማማ በሞተችበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ስደውል ‹ደህና ናት፣ ሾርባ ጠጣች› አልሽኝ። ሐሙስ ስደውል ‹ደህና ናት›። ዓርብ ታንታ ፔቼ ደውላ አረዳችኝ። ሙዝ ሻጭ! መርከቡ ሲደርስ የሬሳ ሳጥኑ በምስማር ተመቷል። ፊቷን አላየሁም፣ ኡሲ። ባነሩን ለገበያ የሰቀልኩት ይመስልሻል? ለገበያም ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ከእሳቱ ቀና ስል ፊቷን እንዳገኘው ብዬ ነው።»

«ሌንቺ…»

«ሾርባሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ወደቀ።

ዶርቼ ድስቱን ታቅፋ በዝናቡ ውስጥ ተራመደች። አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ በሁለቱ ቤቶች መካከል ከሙዝ ተክሉ ስር ቆመች። ከሩቅ የቲኑስ እሳት ይታያታል፤ ጭሱ በዝናቡ ተጭኖ መሬት ለመሬት ይሄዳል።

የምትፈልገው መቆጣት ነበር። ንዴት ቢመጣላት ሞቅ ይላት ነበር። ጨው ያንሰዋል የተባለውን አነሳች፣ ጎበዝ የተባለችውን አነሳች፣ ባነሩን እንኳ አነሳች፤ ባነሩ አሁን እምቢ አላት። ከእሳት ቀና የምትል ሴት ታየቻት።

«አየህ?» አለች ጮክ ብላ፤ ጸሎት መሆኑን ሳታስበው። «ነገርኳት። ያልከኝን አደረግኩ። ባሰ እንጂ መች ተሻለ!»

ውሃው ከሙዙ ቅጠል ድስቱ ክዳን ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ቀረ? ሌላ ምን ልበልህ?» ቆየች። ከዚያ፣ ማንንም ሳታይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ረቡዕ ባልዲውን ይዤ ስሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም። ሰው ሁሉ እግሯን አየ፤ እንዴት እንደሮጠች አየ። ከነበልባሉ በላይ የሌንቺን አፍ ተከፍቶ ስታየው ውስጧ የዘለለውን ነገር ያየ የለም። ትንሽ ነበር። ጊዜውም አጭር ነበር፤ ባልዲው እስኪደፋ ድረስ። ግን ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ስትለው ጆሮዋ ሰማው። ድስቱን መሬት አኖረችና አጎነበሰች። አሁን ሳንቲም፣ ወረቀት፣ ሾርባ አላሰበችም። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጓደኛዬ አይደለችም። እኔ ነኝ። ከዚህ አውጣኝ።» ይህን ብቻ ደጋግማ አለችው፤ ሲደጋገም አጠረ፤ በመጨረሻ «አውጣኝ» ብቻ ሆነ። ከሰማይ ምንም አልወረደም፤ ዝናቡ ብቻ።

ግን አንዱ ሲወጣ ከስሩ የተቀበረው ሌላው ታየ። ማክሰኞ «ደህና ናት»፣ ሐሙስ «ደህና ናት» ያለችበት ምክንያት። ሌንቺ አልጠየቀቻትም፤ ሌንቺ ጭካኔ ነው ብላ አልፋዋለች፤ ጭካኔ መባሉ ለዶርቼ ይቀላት ነበር። ጭካኔ አልነበረም። ያንን ሳምንት እስከ ዛሬ ለቲኑስ እንኳ አልነገረችውም።

«ዶርቼ!» ቲኑስ ከመንገዱ ዳር በሁለት እጁ አፉን ከቦ ይጣራል። ከጎኑ ነጭ መኪና ቆሟል፤ መጥረጊያው ይመላለሳል። «ዶርቼ! አሥር ዓሣ ይላል! አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው! የትኛውን ልስጠው?»

ለቲኑስ ዓሣ ማስመረጥ ለዓይነ ስውር ክር ማሳየት ነው፤ ያልበሰለውን አንስቶ ይሰጣል፤ ሰውየው ደግሞ ዳግም አይመጣም። በዚህ ዝናብ ሌላ ገዢ አይኖርም። ሃያ እርምጃ ነው።

«አንተ ስጠው!» አለች።

«እኔ?»

«አንተ!»

ድስቱን አንስታ ዞረች። አሥሩን እርምጃ ተመለሰች። በሩ እንደተዘጋ ነው። ድስቱን ደረጃው ላይ አኑራ አንኳኳች።

«ሂጂ!» አለች ሌንቺ ከውስጥ።

«አልገባም። ከዚሁ ልንገርሽና እሄዳለሁ።» ግንባሯን ወደ በሩ አስጠጋች። ይህ ከስለቱ ይከብዳል፤ ስለቱ ጥፋቷ ብቻ ነበር፤ ይህ ግን ከእናቷ ለራሷ የያዘችው ነገር ነው። «ማማ በመጨረሻው ሳምንት እኔን አላወቀችኝም። ሌንቺ ነበር የምትለኝ።»

ከውስጥ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ።

«ገላዋን ሳጥባት፣ ‹ሌንቺዬ፣ ውሃው ቀዘቀዘ› ትለኛለች። ሳጎርሳት፣ ‹ሌንቺ፣ መቼ መጣሽ?› ትለኛለች። በመጀመሪያው ቀን፣ ‹ዶርቼ ነኝ፣ ማማ› አልኳት። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ተውኩት። ሌንቺ ስትል አቤት እላት ነበር።» አንድ ጊዜ ተነፈሰች። «አንቺ ስትደውዪ፣ አጠገቧ ነበርኩ። ብጠራሽ ትመጪያለሽ፤ ከመጣሽ እውነተኛዋን ታገኛለች። እኔ ሦስት ዓመት አጥቤያት… ለዚህ ነው ደህና ናት ያልኩሽ። ክፋት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ነጩ መኪና ከመንገዱ ዳር ተነስቶ ሄደ። ቲኑስ አሥሩን ዓሣ መርጦ ይሁን ሳይመርጥ፣ አላወቀችም። ቃል እንደገባችው ለመሄድ ድስቱን ከደረጃው አነሳች።

ከበሩ በስተጀርባ፣ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው የሚወጣ ድምፅ መጣ።

«ሌላስ ምን አለችኝ?»

ዶርቼ ከደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። «ይኸው ነው» ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ግማሹን ነግራታለች፤ የቀረውን ማንም አያውቅም፤ ቢቀርላት ማንም አይጠይቃትም። ድስቱን መልሳ አስቀመጠች። እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«ብዙ ነው ያለችሽ» አለች። «ከእሑዱ ልጀምርልሽ።»